«60 ገጽ አነበብኩ፤ ፍቅሩ የታለ?»

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ 26 ዓመቴ ነው፤ በሒሳብ ሠራተኛነት ነው የምተዳደረው። አባቴ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በወጣትነቱ በሬዲዮ ሲተረክ የሰማ ሰው ነው፤ ዛሬም ስሙ ሲነሳ ድምፁ ይለወጣል። ለልደቴ መጽሐፉን ገዝቶ ሰጠኝ። ከጀመርኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ፤ 60ኛው ገጽ አካባቢ ነኝ። እውነቱን ለመናገር አልያዘኝም። ሰብለ ወንጌል የምትባለው ገና ብቅ አላለችም፤ ወሬው ስለ አንዲት የገጠር ከተማና ስለ ባልና ሚስት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። ከአንዳንዱ ፊደል አናት ላይ ነጥብ አለ፤ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ ነበር። መጨረሻውን ደግሞ ያልነገረኝ ሰው የለም። አባቴ ማታ ማታ ‹የት ደረስሽ?› ይለኛል፤ እሸማቀቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው የመጽሐፉ? ልቀጥል ወይስ ልተወው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥፋተኛ ፍለጋውን ለጊዜው እናቆየው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሰው ረቂቅ ሳነብና ሳርም ኖሬያለሁ፤ በመሐሉም ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያስተዋልኩት፣ አንባቢ ልብ ወለድ ሲጀምር የሚሰማው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል መሆኑን ነው፤ የሚሳሳተው ስም ሲያወጣለት ነው። ሁሉም «ሰለቸኝ» ይላል። ቀረብ ብለሽ ስትጠይቂው ግን አንዱ ቋንቋው ከብዶት ነው፣ አንዱ የጠበቀው ሳይመጣለት ቀርቶ ነው፣ ሌላው ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እያነበበ ነው። ያንቺን ደብዳቤ የወደድኩት «ሰለቸኝ» ብለሽ ስላልዘጋሽው ነው። ያየሽውን ቆጥረሽ ጽፈሻል። የሒሳብ ሰው መሆንሽ ጠቅሞሻል።

በቀላሉ፣ በነጥቡ ልጀምር። የማተሚያ ቤት ስሕተት አይደለም። አማርኛ ሲነገር ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ሲጻፍ ግን ፊደሉ ይህን አያሳይም። «ገና» ብዬ ብጽፍልሽ የታኅሣሡን በዓል ይሁን «ገና አልመጣም» የምንለውን የምትለዪው ከዙሪያው ባሉት ቃላት ነው። «ሰፊ» ልብስ ሰፊው ነው ወይስ ሰፊው ሜዳ? «ዋና» የውኃው ነው ወይስ ዋናው ጉዳይ? «አለ» ተናገረ ነው ወይስ አለ፣ ተቀምጧል? ሐዲስ ዓለማየሁ የአማርኛ አጻጻፍ መሻሻል አለበት ከሚሉት ወገን ነበሩና በዚህ ልብ ወለዳቸው የሚጠብቀውን ፊደል አናቱ ላይ ነጥብ እያኖሩ ጻፉት። ልማዱን ሌሎች ስላልተከተሉት ዓይንሽ አያውቀውም፤ ሳያውቀውም ይደናቀፋል። ከሠላሳ ገጽ በኋላ ነጥቡን ማየት ታቆሚያለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ እኔ እንደዚያ ነው የሆንኩት። እስከዚያው ግን ነጥቡ አንድ ነገር ይጠቁምሻል፤ እኚህ ሰው ቃላቸው እንዴት እንደሚደመጥ ተጨንቀዋል። መጽሐፉን ለዓይን ብቻ አልጻፉትም።

የዓረፍተ ነገሩም ርዝመት ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እናትሽ ከእህታቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ አንድ ቀን ጠጋ ብለሽ ስሚ። «ጠዋት ተነስቼ፣ ጤፉን አስፈጭቼ፣ ስመለስ ያቺን የድሮ ጎረቤታችንን መንገድ ላይ አግኝቼ፣ ቡና ሳትጠጪማ አትሄጂም ብላ ይዛኝ፣ እዚያ ተቀምጬ ስጫወት ዝናቡ ድንገት ወርዶ፣ ለካ ዱቄቱን ደጅ ትቼው ኖሮ፣ አፈር በላ!» ይህን ሁሉ የተሸከመው ማሰሪያ አንቀጽ አንድ ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ከሱ በፊት ያለው ሁሉ ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ተነስቼ»፣ «አግኝቼ» ያለ፣ ሐሳቡን የማያስር ግስ) እና ተከታዮቹ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ስልኩን ያነሳችው አክስትሽ «ዓረፍተ ነገርሽ ረዘመ» አይሉም። እንዲያውም «እህ፣ እህ» እያሉ ዱቄቱ ምን ሆኖ ይሆን ብለው ይጠብቃሉ። ማሰሪያው እስኪመጣ የሚይዛቸው የተናጋሪዋ ድምፅ ነው፤ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወርድ፣ የት ትንፋሽ እንደሚወሰድ ድምፁ ይነግራቸዋል።

ገጽ ላይ ያ ድምፅ የለም፤ አንቺ ነሽ የምታመጪው። ዛሬ ስልክ ላይ የምናነበው አማርኛ አጭር ነው፤ በሦስት ቃል ያስርና ያልፋል። በዚያ የሠለጠነ ዓይን አሥራ አምስት ቃል ሲጠብቅ ይደክመዋል። መፍትሔው ተራ ነገር ነው፦ አሥር ገጽ ያህል ድምፅ አውጥተሽ አንብቢ። ለሰው አይደለም፣ ለራስሽ፣ በለሆሳስ። ነጠላ ሰረዙ ላይ ትንሽ እረፊ፣ አራት ነጥቡ እስኪመጣ ግን ወደ ኋላ አትመለሺ። መጀመሪያው ጠፋብኝ ብለሽ በተመለስሽ ቁጥር ዘፈን መሐል ላይ አቁመሽ ከመነሻው እንደ መጀመር ነው፤ ዜማው አይገኝም። በተማሪዎቼ ላይ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። አሥረኛው ገጽ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ ዝም ይላሉ፤ ማንበቡን ግን አያቆሙም።

የማታውቂው ቃል ሲያጋጥምሽ ደግሞ በእርሳስ ከሥሩ አስምሪና እለፊ። በየገጹ መዝገበ ቃላት መክፈት ንባብን ይገድላል። የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት እኔም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ የማወጣው ግን ምዕራፉን ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሦስት ቦታ ላይ የተደገመ ቃል ብዙ ጊዜ ራሱ ይፈታል። የማይፈታው የቤተ ክህነት ትምህርት ቃልና የማዕረግ ስም ነው፤ እሱን አባትሽን ጠይቂያቸው፣ ማታ የምታወሩት ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ፍቅሩ የታለ?» ብለሻል። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው። ሽፋኑ ላይ ፍቅር ተብሎ የተጻፈበትን መጽሐፍ ከፍተሽ ያገኘሽው ጎጃም ውስጥ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማን፣ ቦጋለ መብራቱ የሚባል ሰውንና ውድነሽ በጣሙ የምትባል ሚስቱን ነው። ወደ ልጁ እስክትደርሺ ብዙ ተጉዘሻል፤ ልጁም ገና በትምህርት ላይ ነው። አንድ ረቂቅ እንዲህ ተጀምሮ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ «መግቢያውን ቁረጠው» ብዬ በቀይ የምጽፍበት ቀን ይኖራል፤ አልዋሽሽም። እዚህ ላይ ግን ብቆርጠው መጽሐፉን እገድለው ነበር። ለምን እንደሆነ ካነበብሽው ሳልወጣ ላሳይሽ፤ ከፊት ያለውን አልነካብሽም።

ስለቱን ታስታውሻለሽ? በዛብህ ሕፃን ሆኖ ታሞ ወላጆቹ የተሳሉትን? ከዳነልን ላንተ ይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን ያገልግል፣ ዓለማዊ ትዳር አይኑረው ብለው ነው። ሰው በጭንቅ ሰዓት እንደሚያደርገው አደረጉት። አገራችን ስለት የማያውቅ የለም፤ ጃንጥላ ይሳላል፣ ጧፍ ይሳላል፣ በየዓመቱ ቁልቢ ገብርኤል የሚወርደው ሕዝብ ግማሹ ስለት አድራሽ ነው። ጃንጥላው ግን አይናገርም። አሁን ያንን ምዕራፍ ተመልሰሽ ከጃንጥላው ወገን ሆነሽ አንብቢው። የተሰጠው ዕቃ ሰው ነው፤ ያድጋል፣ ጎረምሳ ይሆናል፣ ዓይን አለው። ዕዳውን የገባው እሱ አይደለም፤ የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ወላጆቹን መጥላት እንኳ አይችልም፤ ያደረጉት ከፍቅር ነውና።

የመጽሐፉ የመጀመሪያው ፍቅር ይሄ ነው። ፍቅሩ አልጀመረም ያልሽበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የቦጋለና የውድነሽ ፍቅር ለልጃቸው። የሚመጣውን ሌላ ፍቅር አስቀድሞ የሚያስረውም እሱ ነው። ታሪኩ ከሰብለ ወንጌል ቤት ቢጀምር ኖሮ ምን ታይ ነበር? አንዲት የባላባት ልጅ፣ አንድ ድኻ ወጣት፣ «እምቢ» የሚል አባት። ይህን ፊልም ሃምሳ ጊዜ አይተሽዋል። ከማንኩሳ ስለጀመረ ግን ወደፊት ማንም የማያውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ በሩ ከአንድ ወገን ብቻ አይደለም የተዘጋው። ልጅቷን የሚከለክላት አባቷና ዘሯ ነው። ልጁን የሚከለክለው ደግሞ ከመውደዱ በፊት፣ ማሰብ ሳይጀምር የተቆለፈበት ቁልፍ ነው። ደራሲው ቁልፉን አሳይተውሽ ኪሳቸው ከተቱት፤ አንቺ ስለ ባልና ሚስት የሚያወሩ መስሎሽ አለፍሽ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው አልፌው ነበር፤ የያዝኩት በሁለተኛው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄ ያንቺም የደራሲውም ጥፋት አይደለም። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ ዕድሜው አጭር ነበር፤ የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ሮም ላይ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። (የመጀመሪያ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ በየመጽሐፍ መደብሩ መደርደሪያ ላይ የምታይው ቃል ርዕስ ሆኖ ነው የመጣው።) በ58 ዓመት ውስጥ አንባቢው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ፣ የአንድን አገር ኑሮ ከጓዳ እስከ አደባባይ የሚያወጣ ልብ ወለድ ጥቂት አይቶ ይሆናል። ስለዚህ ሐዲስ አንባቢያቸውን እጁን ይዘው ቀስ ብለው ያስገባሉ።

ያ አንባቢ ግን አንቺ የሌለሽ አንድ ነገር ነበረው። «ፊታውራሪ» የሚለውን ቃል ሲያነብ ከወንበሩ ለመነሳት ይቃጣው ነበር። ባለ ርስት ማለት፣ ጭሰኛ ማለት፣ ለጌታ ገጸ በረከት ይዞ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ማንም አላስረዳውም፤ ይኖርበት ነበር፤ ወይ ሰጪ ነበር ወይ ተቀባይ። መጽሐፉ በወጣ በስምንት ዓመቱ አብዮቱ መጣ፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፣ ማዕረጉም ተሻረ። አንቺ ስትወለጂ ያ ዓለም የታሪክ ትምህርት ሆኖ ነበር። የሚገርመው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ አንቺ በጣም ረዘመ ያልሽው መግቢያ፣ ለ1958 አንባቢ የሚያውቀውን የሚነግረው ስለሆነ እውነትም ይረዝምበት ይሆናል፤ ለአንቺ ግን ያጥራል። የሚያስፈልግሽ ከዚያም በላይ ነበር።

ደራሲው ደግሞ ያን ዓለም ከሰው ሰምተው አይደለም የጻፉት። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወልደው በልጅነታቸው በዚያው አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋል፤ ዲማ ጊዮርጊስን ጨምሮ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ዘምተው፣ ተማርከው፣ ጣሊያን አገር ታስረው ተመልሰዋል፤ በኋላ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። መጽሐፉ ሲወጣ 56 ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ የተማሪ ቤቱን ክፍል ስታነቢ ሳትቸኩዪ አንብቢው። ስለ ቆሎ ተማሪ፣ ውሻ ስለሚያባርረው፣ ቅኔ ሲያወጣ ስለሚያድር ልጅ ሲጻፍ፣ የኖረበት ሰው ሲጽፈውና መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሲጽፈው ልዩነቱ እንጀራ ላይ እንዳለ ዓይን ነው፤ ከሩቅ አይታይም፣ ስትቀርቢ ግን ያስታውቃል።

ይህን ሁሉ ስል የመጽሐፉ ጠበቃ መሰልኩ መሰለኝ። እንግዲያው አንድ የምስማማልሽ ነገር ልንገርሽ። ሰዎቹ ሲናገሩ ይረዝማሉ። አንዳንዴ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ገጽ ሙሉ ሲያወራ የሚናገረው እሱ ሳይሆን ደራሲው እንደሆኑ ይታወቃል፤ ሰባኪ ይሆናሉ። ወደፊት ጉዱ ካሣ የሚባል ሰው ታገኛለሽ፤ ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚይዘው እሱ በመጣ ጊዜ ነው። ሁሉ የለመደውን ነገር «ለምን?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው «ጉዱ» ያሉት። እወደዋለሁ፤ ግን እሱም ቢሆን አንዳንዴ ቢያሳጥር ይሻል ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሳነብ የዘለልኩት ንግግር አለ፣ ያየኝም የለም። አንቺም ብትዘልዪ ማንም አይከስሽም፤ ብቻ ንግግር ዝለይ እንጂ ድርጊት አትዝለይ።

መጨረሻውን አውቀዋለሁ ላልሽው ብዙ አልልም። ደራሲው ራሳቸው ሽፋኑ ላይ «መቃብር» ብለው ጽፈውታል። ሊደብቁሽ ቢፈልጉ ሌላ ርዕስ አያጡም ነበር። እኛ ደግሞ መጨረሻው የታወቀ ታሪክ መስማት የምናውቅበት ሕዝብ ነን፤ በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማት በየዓመቱ ይነበባል፣ ምን እንደሚሆን የማያውቅ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የለም፣ ያም ሆኖ ሰዉ ያለቅሳል። «ይሞቱ ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ በፊት ተመልሷል። የቀረልሽ «እንዴት እዚያ ደረሱ? የት ላይ መመለስ ይችሉ ነበር?» የሚለው ነው። ማንኩሳ ላይ እርሳሱን ያዢና የመጀመሪያውን መመለሻ መንገድ ምልክት አድርጊበት፤ አንድ አለ።

አባትሽን በተመለከተ ግን ሳትነግሪያቸው የምትይዢው ነገር አለ። እሳቸው አንቺ የጀመርሽውን አልጀመሩም። የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ነው። ወጋየሁ ተዋናይ ነበር፤ የሰብለ ወንጌል አባት ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሬዲዮው ይቆጣል፣ ድኻ ሲለምን ሬዲዮው ያለቅሳል። ያ ረጅም ዓረፍተ ነገር ያንን ድምፅ ሲያገኝ አባትሽ ርዝመቱን አላዩትም። ደግሞ በክፍል በክፍል ነበር የሚመጣው፤ ሰው ተሰብስቦ ይሰማል፣ ሲያልቅ ይከራከራል፣ ቀጣዩን ክፍል ይጠብቃል። የመጀመሪያ ስሜታቸው የገጽ 1 ስሜት አይደለም። እሳቸው ካለቀሱበት ቦታ ተነስተው «የት ደረስሽ?» ይሉሻል፣ አንቺ ገና መግቢያው ላይ ነሽ። ሁለታችሁም ስለ አንድ መጽሐፍ የምታወሩ ይመስላችኋል።

ትረካው ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። ከጠየቅሽኝ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ስሚና ወደ መጽሐፉ ተመለሺ እላለሁ። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፤ ከአሁኑ ልንገርሽ። አንዴ የወጋየሁን ድምፅ ከሰማሽ የራስሽን ጉዱ ካሣ መሥራት አትችይም። እኔ እስከ ዛሬ አልቻልኩም፤ ዓይኔ ያነብባል፣ ጆሮዬ ግን እሱን ይሰማል። አንዳንዱ ይህን እንደ ጥፋት ያየዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ግን ከመንገድ ከመቅረት ምርኩዝ ይሻላል።

አሁን ከራሴ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ የመጀመሪያ ስሜት ምን ያህል እንደሚታመን ጥያቄሽ ውስጥ ስላለ። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አንድ አሳታሚ ቤት ረቂቅ እያነበብኩ «ይታተም፣ አይታተም» እል ነበር። አለቃዬ አምስት ገጽ ይበቃል ይል ነበር። አንድ ቀን አንድ ረቂቅ ስምንት ገጽ አነበብኩለት፤ ሰማይ ይገለጻል፣ ወንዝ ይገለጻል፣ ሰው የለም። መለስኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ቤት ታትሞ አገኘሁትና ገዛሁት፤ ተሳስቼ እንደሆነ ለማየት። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ገጾች ልክ እንደነበሩ ነበሩ፣ መጥፎ፤ ማንም አልነካቸውም። ከሃያኛው ገጽ ጀምሮ ግን አንዲት ጠላ ሻጭ መጣች፣ መጽሐፉንም ይዛው ሄደች። ስለ መግቢያው የተሰማኝ ትክክል ነበር፤ ስለ መጽሐፉ ግን ምንም ሳላውቅ ነበር የፈረድኩት። ደራሲውን አግኝቼ ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ የማን እጅ እንደመለሰበት አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ስሜቴን እጽፈዋለሁ እንጂ አልፈርድበትም። ሃያ ገጽ ላይ ቆሜ መጽሐፉ ጀርባ ባለው ባዶ ወረቀት ላይ በእርሳስ፦ ማንን ማየት እፈልጋለሁ? ማን ደበረኝ? ምን ይመጣል ብዬ ጠብቄአለሁ? ሲያልቅ ተመልሼ አነበዋለሁ። አንዳንዴ ያሳፍረኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ከጨረስኩ በኋላ ካለኝ አስተያየት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ሲጨርሱ ሰው ሁሉ ያለውን መድገም ቀላል ነው፣ ሲጀምሩ ግን ማንም የነገረሽ የለም። ያንቺ «ነጥቡ ስሕተት መሰለኝ» እንደዚያ ያለ ነው። መጽሐፉን ያደነቁ ስንት ሰዎች ናቸው ነጥቡን ያላዩት!

ሳልረሳው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የነገረኝ ቁጥር አለ። ሁለት ሳምንት፣ 60 ገጽ። ለ14 ቀን ስታካፍይው በቀን አራት ገጽ ነው፤ ይህን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ምናልባት ታክሲ ውስጥ፣ ምናልባት ከመተኛትሽ በፊት ዓይንሽ ሲከደን። በቀን አራት ገጽ ማንኩሳ ላይ አያስቀምጥሽም፤ በየቀኑ ከአዲስ አበባ ተነስተሽ፣ እዚያ ደርሰሽ፣ ሳትቀመጪ መመለስ ነው። ቦጋለ ማን እንደነበር ለማስታወስ አንድ ገጽ ይሄዳል፣ ዜማውን ለማግኘት ሌላ፣ ሦስተኛው ላይ ሲሞቅልሽ ወራጅ አለ ትያለሽ። በዚህ አነባበብ የትኛውም ወፍራም ልብ ወለድ አይጀመርም። መጽሐፉ አልያዘኝም ስትዪ፣ አንቺስ መቼ ቁጭ አልሽለት?

እንዲህ አድርጊ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ወይ ከቁርስ በኋላ ሁለት ሰዓት አውጪ። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው። ከስለቱ ምዕራፍ ጀምሪ፣ ድምፅ አውጥተሽ፣ እስከቻልሽው ሂጂ። ከገጽ 1 አትጀምሪ፤ እንደገና ከመጀመሪያ መጀመር እንደ ቅጣት ይሆንብሻል። ከዚያ በኋላ በፈለግሽው ፍጥነት ቀጥዪ፣ በአንድ ጊዜ ግን ከሃያ ገጽ አታሳንሺ።

መተውንም ጠይቀሻልና ልመልስልሽ። ይቻላል። ልብ ወለድ እንደ ግብር በግድ አይከፈልም፤ ስሙ የገነነ ስለሆነም አይነበብም። ግን የምትተዪበትን ቦታ እኔ ልምረጥልሽ፦ በዛብህ ዲማ ደርሶ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሊያስተምር እስኪገባ ታገሺው። እስከዚያ ድረስ ደራሲው ሁለቱንም በሮች ዘግተው ጨርሰዋል፣ ሰዎቹም አንድ ግቢ ውስጥ ይገናኛሉ። እዚያ ደርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብበሽ፣ ድምፅ አውጥተሽ ሞክረሽ፣ አሁንም ለማንም ግድ ካልሰጠሽ መጽሐፉን ዝጊና ለአባትሽ መልሺላቸው። ከተቆጡ ይህን ጽሑፍ አሳዪያቸው፤ እኔ እመሰክርልሻለሁ።